ፊልም ገብቶበት አያውቅም

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን የሚያሞካሹባቸው ሐረጎች ብዙ ናቸው፤ የዚህን ሳምንት ቀለም የሚያስፈጀኝ ግን አንዱ ነው፦ «ፊልም ገብቶበት አያውቅም።» ይህ የሚባለው ስለ አሮጌ የፊልም ካሜራ ነው። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት ጃፓን ወይም ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ፣ ከነካርቶኑ፣ ከነዋስትና ወረቀቱ፣ ከነቆዳ ማኅደሩ ዛሬ ላይ የደረሰ ካሜራ። ሻጩ ይህን የሚናገረው በኩራት ነው፤ ገዢውም ሰምቶ ዋጋ ይጨምራል። እስቲ ሐረጉን ወደ ማጀት አስገብታችሁ ስሙት፦ አርባ ዓመት የቆየ ምጣድ፣ እንጀራ ተጋግሮበት የማያውቅ። በዚህ ምክንያት ዋጋ የምትጨምር ባለሙያ የት አለች? «ምን ሆኖ ነው ሳይሟሽ የቀረው?» ብላ ትጠረጥራለች እንጂ። የዚህ ዓምድ ደንበኞች ወዴት እንደማመራ ከወዲሁ ገብቷቸዋል። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቡፌ ውስጥ ስለሚያረጀው ብርጭቆ፣ ከነላስቲኩ ዕድሜውን ስለሚጨርሰው የቴሌቪዥን ሪሞት ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! ጠቡ ያው ነው፤ ዕቃው ብቻ ተለውጧል።

አሮጌ ካሜራ የሚገዛው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሊያነሣበት የሚገዛና ሊያስቀምጠው የሚገዛ። ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ፊት ቆመው አንድ ዕቃ ቢያነሡም የሚያዩት ለየቅል ነው። ሊያነሣበት የፈለገው ጀርባውን ከፍቶ ሻተሩን ከቀርፋፋው ፍጥነት እስከ ፈጣኑ እያስጮኸ ጆሮውን ይሰጣል፤ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ይፈልጋል፤ በበሩ ጠርዝ ያለችው ጥቁር ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ቀልጣ እጅ ላይ ትጣበቅ እንደሆነ በጣቱ ይሞክራል። ሊያስቀምጥ የመጣው ግን ቁጥር ያነባል። ተከታታይ ቁጥሩ የየትኛው ዓመት ነው? የካርቶኑ ቁጥርና የካሜራው ቁጥር ይገጥማል? ቀለሙ ተልጦ ነሐሱ ብቅ ያለበት ቦታ አለ? ቡጭር ካገኘ ፊቱን ያዞራል። (ለዚህ እንኳ ምስጋና ይገባዋል፤ እሱ ለቡጭር ብሎ የናቀው ካሜራ ነው በርካሽ ለሚያነሣበት ሰው የሚተርፈው።) ከማን ወገን እንደሆንኩ መደበቅ አልችልም። ነገር ግን «እኔ እንዲህ ነው የምወደው» ማለት ክርክር አይደለምና የምለውን በግልጽ ላስቀምጥ፦ ሰብሳቢው የሚከፍልበት ዋጋ ሌላ ሰው በማንሣት ያፈራው ነው። ማንሣቱ ከቀረ መሰብሰቡም ይቀራል።

ማስረጃዬን ከጣራው ልጀምር፤ ሰብሳቢዎች ራሳቸው አፍ ከፍተው ከሚያወሩለት ጨረታ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ዌትዝላር በተባለችው የጀርመን ከተማ አንድ ካሜራ በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለካሜራ እንዲህ ያለ ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም። ካሜራው ላይካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ለሙከራ ከተሠሩት ሃያ ሦስት ያህል ካሜራዎች አንዱ፣ ቁጥር 105። የዚሁ ተከታታይ ወንድም የሆነው ቁጥር 122 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ቪየና ውስጥ በ2.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጦ ነበር። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ታዲያ የአሥራ ሁለት ሚሊዮኑ ልዩነት ከየት መጣ? በመካከላቸው የአራት ዓመት ገበያ እንዳለ አውቃለሁ፤ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ግን በአራት ዓመት አይበቅልም። ልዩነቱ ቁጥር 105 የኦስካር ባርናክ የግል ካሜራ መሆኑ ነው። ባርናክ ላይካን የፈለሰፈው መካኒክ ነው፤ ስሙ በካሜራው ላይ ተቀርጿል፤ ያነሣበትም ነበር። ሰውየው አስም ነበረበት፤ የዘመኑን ከባድ ካሜራና የመስታወት ሳህን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ቢያቅተው የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ፣ ኪስ የሚገባ ካሜራ አሰበ። በመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1920 ዌትዝላርን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ አነሣ። እንግዲህ በዓለም ውዱ ካሜራ ውድ የሆነው መውጣትና መውረድ ስለሚያውቅ ነው። ቁጥር 105 «ፊልም ገብቶበት አያውቅም» ቢባልለት ኖሮ ዋጋው ስንት በወረደ!

የባርናክን ስም ለብቻው ነጥሎ «እሱማ ፈጣሪው ስለሆነ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ፈጣሪ ያልሆነ ልጥራ። ዴቪድ ዳግላስ ደንከን የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ኮሪያንም ቬትናምንም በካሜራው ያየ። ለእሱ ተብሎ ከተሠሩት ላይካዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪየና ውስጥ 1.68 ሚሊዮን ዩሮ አወጣ፤ በእሱ ካሜራ ላይ የተላጠ ቀለም ጉድለት ሳይሆን የምስክር ወረቀት ነው። ሌላው ደግሞ ከምድር ውጭ ነው። የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ያነሡባቸው ሃሰልብላድ ካሜራዎች ዛሬም እዚያው አሉ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። ሲመለሱ ክብደት መቀነስ ነበረባቸውና የጨረቃውን ድንጋይ ለመጫን ካሜራውን ጥለው፣ ፊልሙን ብቻ ነቅለው ይዘው መጡ። ለአንድ ሰብሳቢ ይህ የሚያስለቅስ ብክነት ነው። ለእኔ ግን ካሜራ ምን እንደሆነ ከእነሱ የበለጠ የገባው ሰው የለም፤ መርጠው መያዝ ሲኖርባቸው የመረጡት የታየውን ነው፣ ማያውን አይደለም።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ። «ማንሣት ያስረጀዋል፤ መለዋወጫ በሌለበት ዘመን የሚያነሣበት ሰው ቅርስ እየፈጨ ነው» ይላሉ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ የካሜራን ሆድ ያየ ሰው ግን አይቀበለውም። አሮጌ ካሜራ ማለት ምንጭ፣ ማርሽ፣ ግራሶና ጨርቅ ነው። ግራሶው ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ ይደርቃል ወይም እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ያኔ አንድ ሰከንድ እንዲከፈት የታዘዘው ሻተር ሁለትም ሦስትም ይከፈታል፣ አንዳንዴም ከናካቴው ተከፍቶ ይቀራል። በጎማ የተነከረው የሻተር ጨርቅ በተጠቀለለበት ቅርጽ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ባትሪ ተረስቶበት የተቀመጠ እንደሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው ኬሚካል ፈስሶ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። ከሁሉ የሚከፋው ያ የሚወደሰው የቆዳ ማኅደር ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ አየር አይነፍስበትም፤ ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት አይፈልግም። ሻጋታው የሌንሱን ሽፋን በልቶ ጠባሳ ከተወ በኋላ ቢጠርጉትም አይለቅም። ፀሐይና ነፋስ የሚያገኝ፣ በየሳምንቱ የሚወጣ ካሜራ ይህ ሁሉ አይደርስበትም ባይባል እንኳ ሲደርስበት ቶሎ ይታወቃል። መደርደሪያ ላይ ያለው ግን ውጪው እያበራ ውስጡ ሞቶ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ማንም አያውቅም። ስለ መለዋወጫውም ቢሆን የተገላቢጦሽ ነው። ካቻቢቴ ይዞ የሚጠብቅ ጠጋኝ የሚኖረው የሚሰበር ካሜራ ሲኖር ነው፤ የማይሠራበት ዕቃ አይሰበርም፣ ያልተሰበረ ዕቃ ጠጋኝ አያበላም፣ ጠጋኙም ሙያውን ለልጁ ሳያስተምር ይሞታል።

«እኛ ባንሰበስብ ኖሮ ታሪክ ይጠፋ ነበር» የሚለውን ግማሹን እቀበላለሁ። ሃያ ሦስት ብቻ የተሠራ ነገር ይሰብሰብ፤ በተለይ ሙዚየም ሰብስቦ፣ ሕዝብ እንዲያየው በሩን ከከፈተ። ነገር ግን ገበያው ላይ «ብርቅዬ» እየተባለ ከሚነገርላቸው ካሜራዎች የሚበዙት እንደ አሸዋ የፈሰሱ ናቸው። ፔንታክስ ኬ1000 ከ1976 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ሲመረት ከ3 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል፤ ስንቱ የፎቶ ተማሪ ሀ ሁ ብሎ የጀመረበት የትምህርት ቤት ፈረስ ነው። የሶቭየቱ ዜኒት-ኢ እንዲሁ ከ3 ሚሊዮን ያልፋል። ሦስት ሚሊዮን የተሠራ ነገር ከጥፋት አድነዋለሁ ብሎ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ዝናብ እንዳያልቅ በጣሳ እንደ ማጠራቀም ነው። ደግሞ መሰብሰቡ ራሱ ታሪክን ሲያጠፋ አይተናል። ካርኪቭ ውስጥ ፌድ የሚባል፣ የላይካ ግልባጭ የሆነ ካሜራ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት ተመርቷል፤ ከጦርነቱ በኋላ ዞርኪ የሚባል ወንድም ተከተለው። ሰብሳቢው ለብርቅዬ ላይካ ገንዘብ መበተን ሲጀምር ብልጣ ብልጦች እነዚህን እያመጡ የፋብሪካውን ስም ፍቀው «ላይካ» ጻፉባቸው፤ አንዳንዱን ወርቅ ቀቡት፣ አንዳንዱ ላይ የጀርመን አየር ኃይል ምልክት ቀረጹበት። ዛሬ ገበያው በሐሰተኛ ላይካ የተሞላ ሲሆን እግረ መንገዱን ብዙ እውነተኛ ፌድ ተበላሸ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሰብሳቢው ሐሰተኛ ላይካ ከገዛ ገንዘቡ ጠፋ፣ ቀልጧል። ሊያነሣበት የገዛው ግን ቢታለልም የሚሠራ ፌድ አለው፤ ፊልም አጉርሶ ይወጣል።

ነገሩ ግን ከካሜራው ይልቅ ፊልሙ ላይ ነው የሚጠነክረው፤ ሰብሳቢዎች ሲከራከሩ ይህን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። ካሜራ ያለ ፊልም ቀዳዳ ያለው ብረት ነው። ፊልም ደግሞ ተገዝቶ፣ ተነሥቶበትና ታጥቦ ካላለቀ የሚያመርተው አይኖርም። ኮዳክሮም ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረ፣ በቀለሙ አምሳያ ያልተገኘለት ፊልም ነበር። የሚያነሣበት ሲያንስ ኮዳክ በ2009 ማምረቱን አቆመ፤ ካንሳስ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው አጣቢም በ2010 መጨረሻ መቀበሉን አበቃ። ከዚያ ወዲህ በአንድ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የኮዳክሮም ጥቅል ቢገኝ እንደ ቀድሞው በቀለሙ የሚያጥበው የለም። ኬሚካሉም ማሽኑም አብሮ ሞቷል። ተቃራኒውን ደግሞ ፖላሮይድ ያሳያል። ድርጅቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ወዲያው የሚታጠበውን ፊልም አላመርትም ሲል በዓለም ላይ ካለው የፖላሮይድ ካሜራ አብዛኛው በአንድ ቀን ጌጥ ሊሆን ነበር። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤንስኬዴ የነበረውን የመጨረሻውን ፋብሪካ ማሽኖች ጥቂት ሰዎች ከአንዳንድ የቀድሞ ሠራተኞች ጋር ሆነው ተረከቡ፤ ኬሚካሉን እንደገና ፈልስፈው በ2010 ፊልም ሸጡ። የመጀመሪያው ፊልም ጉድለት የበዛበት ነበር፤ ሰዎች ግን እየተነጫነጩም ገዙት፣ አነሡበት፣ ፋብሪካውም በእግሩ ቆመ። ሰብሳቢ ቢሆኑ ኖሮ የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ዋጋ እስኪወጣላቸው ይጠብቁ ነበር። በቅርቡም ላይካ ኤም6ን በ2022 እንደገና ማምረት ሲጀምር፣ ፔንታክስም በ2024 ከአንድ ባለ 36 ፊልም ሰባ ሁለት ፎቶ የሚያወጣ አዲስ ካሜራ ሲያቀርብ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ለመደርደሪያ ከሆነ አሮጌው ሞልቶ ተርፏል፤ አዲስ የሚሠራው ለሚያነሣ ሰው ነው።

ስለ ገንዘብ የሚከራከሩትን በአጭሩ ላሰናብታቸው። «ካሜራ እንደ ወርቅ ነው፣ ዋጋው ይጨምራል» የሚሉት ምሳሌ አድርገው የሚጠሩት ኮንታክስ ቲ2ን ነው። በእርግጥ ዝነኞች አንገት ላይ ከታየ በኋላ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። ግን ይህ ካሜራ የ1990 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ አምራቹ ኪዮሴራ ከካሜራ ሥራ በ2005 ወጥቷል። አንዲት የተቃጠለች ሰሌዳ ከውድ ካሜራ ወደ ውድ የወረቀት መጫኛ ትቀይረዋለች። ወርቅ ሰሌዳ አይቃጠልበትም። «ስልክ እያለ ምን በፊልም አለፋህ?» የሚለውን ደግሞ ሰላም ብዬ አልፈዋለሁ፤ እሱ ካሜራ ሊገዛ አልመጣምና ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። የሚያነሣበትም የሚሰበስብም ሰው ካለ እሰየው፤ አንገቱ ላይ ያለው ካሜራ ቡጭር ይመስክርለት።

የሚቀረኝ አንድ ተቃውሞ አለ፤ እሱ የእኛው አገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ማግኘት መከራ ነው፤ አጥቦ የሚመልስ ፎቶ ቤት ማግኘትም እንዲሁ። ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ለምኖ ማስመጣት፣ ያም ሆኖ በየአውሮፕላን ማረፊያው እየተተከሉ ያሉት አዳዲሶቹ ሲቲ መፈተሻዎች ፊልሙን እንዳያጨልሙት በእጅ ይታይልኝ ብሎ መማጸን አለ። «ታዲያ እዚህ ሆኖ ካሜራን ከጌጥ ሌላ ምን ያደርጉታል?» ይባላል። በዚህ እሸነፋለሁ ብዬ ነበር፤ ሳስበው ግን ነገሩ ወደ ሌላ መንገድ ወሰደኝ። እውነት መሰብሰብ ካማረን የምንሰበስበው ሌላ ነገር አለን። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው፣ በኃይለ ሥላሴም በደርግም ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ በየትኛው ካሜራ እንዳነሡ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ፊት የምናየው፣ ልብስ የምናየው፣ የቀረውን ሰው የምንቆጥረው ከፎቶው ላይ ነው። የሽመልስ ፎቶዎች ለንደን ላይ ለሕዝብ ሲታዩ የተሰቀለው ምስሉ ነበር። ካፌዎቻችን ግን ዛሬ አሮጌ ካሜራ ከላምባና ከግራሞፎን ጋር ደርድረው ግድግዳ ያስጌጣሉ፤ ፎቶ ቤት ሲዘጋ ኔጋቲቩ በየትኛው ማዳበሪያ ጆንያ ገብቶ የት እንደሚጣል የሚጠይቅ ግን የለም። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የጉርድ ፎቶ፣ የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ ፊት እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው። ሰብሳቢ ሆይ፣ ገንዘብህና ሣጥንህ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነበር።

ፊልም ደግሞ ከምናስበው በላይ ታጋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ስዊድናዊው አንድሬ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በፊኛ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሣ፤ ሦስቱም በበረዶው ላይ ቀሩ። ፍርስራሻቸው የተገኘው በ1930 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት በረዶ ውስጥ የከረመው ፊልም ስቶክሆልም ሲታጠብ ዘጠና ሦስት ፎቶ ወጣበት፤ የወደቀችው ፊኛ፣ አጠገቧም የቆሙት ሰዎች። ስለዚህ በቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከአባት ወይም ከአጎት የቀረ ካሜራ ካለ ከመሸጣችሁም ከመስቀላችሁም በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። በግራ ጫፍ ያለችውን የመጠቅለያ እጀታ ወደ ሰዓት አቅጣጫ በቀስታ አዙሯት። ዝም ብላ ከዞረች ባዶ ነው። ከተወጠረችባችሁ ግን ውስጡ ፊልም አለ፤ ከካሜራው ሥር ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭናችሁ እጀታዋ እስክትቀልላችሁ ድረስ ጠቅልሉት፤ እስከዚያ ድረስ ጀርባውን እንዳትከፍቱት።